ከዓለም ገና እስከ ዝዋይ በሳይክል፦ ቁልቁል ሂዱ፣ በመኪና ተመለሱ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ። ይሄ ጉዞ የሚያምረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ዝዋይ ደግሞ 1,640 ገደማ። መሃል ላይ ያለውን ሰባት መቶ ምናምን ሜትር ወይ ወዳጅ ታደርጉታላችሁ ወይ ጠላት። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ጠላት ነው ያደረግኩት። ጓደኛዬ ዝዋይ ሥራ ነበረው፤ ሳይክሌን መኪናው ላይ ጭኜ አብሬው ወረድኩና "እኔ በሳይክል ነው የምመለሰው" ብዬ ፎከርኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ቡታጅራን አልፌ አንድ ዳገት ላይ፣ አይሱዙ ለምኜ ተጭኜ ገባሁ። ሾፌሩ እስከ አየር ጤና ድረስ ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሌም ከላይ ወደ ታች ነው የምሄደው።

መንገዱ ባጭሩ ይሄ ነው። ከአየር ጤና ወጥታችሁ ዓለም ገና ላይ የጅማን መንገድ ትተዋላችሁ፣ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ቡታጅራ አስፋልቱን መከተል ብቻ ነው። አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ትሻገራላችሁ። ትንሽ አልፋችሁ ወደ ቀኝ ገባ ብላችሁ አዳዲ ማርያምን ታያላችሁ። ቀጥሎ ጢያ፣ ቡኢ፣ ቡታጅራ። ቡታጅራ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ በማረቆ በኩል ወደ ዝዋይ ትወርዳላችሁ፤ ባቱ ብትሏትም ያው ናት። የአዳዲን መግቢያና መውጫ ጨምሮ፣ ከዓለም ገና ሲቆጠር፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ይሄን በአንድ ቀን ተኩል የጨረሰ ጎበዝ አውቃለሁ። ምን አየህ ስለው "አስፋልት" አለኝ። እናንተ ሦስት ቀን ያዙለት፣ የሐይቁን ደሴቶች ካሰባችሁ አራት።

መቼ ይኬዳል?

ክረምት አይሆንም። ዝናቡ ብቻውን ቢሆን ይቻላል፣ ችግሩ የአዳዲ ኮረኮንች ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል እየገባ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ ተሸክሞ መሄድ ነው። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ኅዳር ላይ ጤፉ ደርሶ፣ አጫጁ ጎንበስ ብሎ፣ አውድማው ተዘጋጅቶ ታገኛላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ጣት የሚቆርጥ ብርድ አለው፣ ስስ ጓንት አትርሱ።

የመስቀል ሰሞን ግን አደራ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል። መርካቶ ጭር ትላለች፣ ከመርካቶ የጠፋው ሰውና መኪና በሙሉ እዚች መንገድ ላይ ይሆናል። ሚኒባሱ፣ የቤት መኪናው፣ በግ የጫነው፣ ሁሉም ለደመራው ለመድረስ ይበራል። በዚያ ሳምንት እዚያ አገር እንግዳ ሆኖ መገኘት መታደል ነው፣ ነገር ግን በመኪና ሂዱ። ረመዳን ላይ ደግሞ ቡታጅራና ወደ ስልጤ በኩል ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ስለሚሆን ስንቅ ይዛችሁ ውጡ፣ መንገድ ዳርም ሰው ፊት አትብሉ።

ጸጥታውን በተመለከተ፣ ነገሩ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ ትኩስ ወሬ ያለው ደግሞ ሾፌሮች ጋ ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሂዱና በየቀኑ የሚመላለሱትን ጠይቁ። በተለይ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ባለው ክፍል ባለፉት ዓመታት ግጭት የነበረባቸው ቀበሌዎች አሉ፤ እዚያ ያለውን ቡታጅራ ካደራችሁ በኋላ ጠዋት በድጋሚ ጠይቁ። "ችግር የለውም፣ ሂድ፣ ግን..." የሚል ሰው ካጋጠማችሁ "ግን"ዋን አዳምጡ። መንገዱ ጥሩ ካልሆነ ቡታጅራ ላይ ጉዞውን ማቆም ሽንፈት አይደለም፣ የታሪክ ቦታዎቹ አብዛኞቹ ከቡታጅራ በፊት ናቸው። መታወቂያ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ኬላ ላይም ሆነ መግቢያ ትኬት ስትቆርጡ ትጠየቃላችሁ።

ሳይክሉና ዕቃው

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። ማርሹ በትክክል የሚቀይር፣ ፍሬኑ የሚይዝ ተራ የተራራ ሳይክል ይበቃል። ስስ ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ግን ቤት ይቀመጥ፣ የአዳዲ ኮረኮንች ቸርኬውን ያጣምመዋል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እዩ፦ የካላማዳሪያችሁን ቫልቭ። እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለው ዓይነት ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ በኮምፕሬሰሩ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ጎሚስታው አንገቱን ነቅንቆ ይመልሳችኋል፣ የራሳችሁ ፖምፓ ከሌለ እዚያው ቁጭ ማለት ነው። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ መጣፊያ፣ ፖምፓ፣ ማርሽና ፍሬን ማጥበቂያ ቁልፍ ያዙ። ሁለት ያልኩት አብዝቼ እንዳይመስላችሁ፤ ከቡታጅራ በታች ግራር አለ፣ የግራር እሾህ ለማንም አያዝንም።

ዕቃ ጀርባ ላይ አይታዘል። መጀመሪያ ቀን ምንም አይመስልም፣ ሁለተኛ ቀን ትከሻና ወገብ ያለቅሳል። የኋላ መጫኛ ገጥማችሁ ሻንጣውን በጎማ ገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ፣ የሚንጠለጠል ክር እንዳይኖር፤ ክሩ ራጂ ውስጥ ከገባ ጎማውን ይዞ ይጥላችኋል። ሄልሜት ያለ ክርክር። ትራፊክ ፖሊስ የሚለብሳት ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያም ልበሱ፣ አታምርም፣ ግን ሰዉ "አልቃይዳ" ብሎ ስም ያወጣላቸው አይሱዙዎች ከሩቅ ያዩዋታል።

ስንቅ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በሶ ያዙ። በሶ በስኳር ወይ በማር በጥብጦ መጠጣትን የሚያህል የጉዞ ምግብ የለም፣ አያቶቻችን አገር ያቋረጡት በእሱ ነው። ቆሎ፣ ሙዝ፣ አምባሻ። ውሃ ሁለት ሊትር ይዛችሁ ጀምሩ፣ በየከተማው ሙሉ። ለሙቀቱ ቀን ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ከፋርማሲ ያዙ።

ልምምድ ያልኩ እንደሆነ፣ እሁድ ጠዋት ከተማ ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ሳትቆሙ መንዳት ከቻላችሁ ዝግጁ ናችሁ። አሁን በኮሪደሩ የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ለዚህ ይጠቅማሉ። ሻንጣውን ጭናችሁ ተለማመዱ ግን፤ ሸክም ያለው ሳይክል ቁልቁለት ላይ ባሕርዩ ሌላ ነው፣ ፍሬን ቶሎ አይሰማም።

የመጀመሪያው ቀን፦ አዋሽን መሻገር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ምክንያቱ ፀሐይ አይደለም፣ ከባድ መኪና ነው። ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገናና ሰበታ ድረስ ፋብሪካና መጋዘን ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ጭሱም ጡሩምባውም አይቻልም። ይሄኛውን ክፍል ብትዘሉት ምንም አይቀርባችሁም። እኔ ብዙ ጊዜ ዓለም ገና ድረስ በፒክአፕ ነው የማስጭነው፣ ማንም ሰው ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና ስላለው ውበት ተርኮ አያውቅም።

ዓለም ገናን ታጥፋችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ከተማው በድንገት ያልቃል። ሜዳ፣ ጤፍ፣ የሳር ክምር። እዚህ አካባቢ "አካም ጂርታ" ብላችሁ ሰላም ካላችሁ ቀኑ ይለወጣል፤ ውሃ ሲሰጧችሁ "ገለቶማ" በሉ።

መልካ ቁንጥሬ ከመድረሳችሁ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ባልጭት የሚባል ቦታ አለ። መሬቱ ላይ የተበተነው ጥቁር ብርጭቆ የመሰለ ድንጋይ ኦብሲዲያን ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ። የጥንት ሰው ሲጠርበው የወደቀው ፍንክትካች ነው በየቦታው ተቆልሎ የምታዩት። አትልቀሙ። ቅርስ ነው፣ ወንጀልም ነው። ሳይክሉንም ይዛችሁ አትግቡበት፤ ያ ድንጋይ ቆዳ ይፍቁበት የነበረ ስለት ነው፣ ለጎማችሁ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ከዚያ መንገዱ ወደ አዋሽ ይወርዳል። መልካ ቁንጥሬ ላይ ያለው አዋሽ ገና ወጣት ነው፤ ከጊንጪ በኩል ተነስቶ የበቾን ሜዳ አቋርጦ የመጣ፣ ወደ ቆቃና ወደ አፋር የሚሄድ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር። የጥንት ሰው ሥራ የሚታይበት ሙዚየም እዚህ አለ፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በጎጆ መልክ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ከውጭ ሲታይ "ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት" ታሰኛለች፣ አትቸኩሉ።

ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ውሃ ሊያጠና መጥቶ ወንዙ የሸረሸረው ገደል ላይ የድንጋይ መሣሪያ አየ። ከዚያ የፈረንሳይ፣ ኋላም የጣልያን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ቆፈሩ። የወጣው ነገር ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ግድም ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት የሆነው የእግር አሻራ አለ፤ ያዋቂ ብቻ ሳይሆን የትንንሽ ልጆችም፣ ከእንስሳት ኮቴ ጋር ተደባልቆ፣ ውሃ ዳር ጭቃ ላይ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወንዝ ወርደው ነበር ማለት ነው፣ ዛሬም ድልድዩ ሥር እንደምታዩት። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጥሬና ባልጭት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። አስጎብኚ ያዙ፣ ብቻችሁን ካያችሁት ድንጋይ ብቻ ነው የሚሆንባችሁ። ሁለት ሰዓት ስጡት።

ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ ዳገት አለ። ቁልቁል ነው ያልኳችሁ በድምሩ ነው፤ አዋሽ ሸለቆ ገብቶ ያለ ዳገት የሚወጣ የለም። ትንሿን ማርሽ አስገቡና ቀስ፣ ካቃታችሁ ውረዱና ግፉ። ማንም አያያችሁም፣ ከልጆቹ በስተቀር።

ስለ ልጆቹ ላንሳ እንግዲህ። ሲያዩአችሁ ይሮጣሉ። "ፈረንጅ!" ይላሉ፣ ሐበሻ ብትሆኑም፣ ሄልሜት ያደረገ ሁሉ ፈረንጅ ነው። ቀጥሎ "ሃይላንድ!" ይመጣል፣ ባዶ የውሃ ላስቲክ ፍለጋ። ባዶ ካላችሁ ስጡ፣ ግን ቆማችሁ በእጅ፤ እየነዳችሁ ከወረወራችሁ አስፋልት ላይ ይራኮታሉ፣ ከኋላ መኪና አለ። ብርና ከረሜላ አትበትኑ፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ጣጣ ነው። በአማርኛ ሰላም ካላችሁና ስማቸውን ከጠየቃችሁ ነገሩ ይቀየራል፣ ሳይክሉን ዳገት ላይ ከኋላ ይገፉላችኋል። ይሄ እርዳታ ጥሩ ነው ብሎ የማያምን ዳገቱን አላየውም።

ውሻ ደግሞ ሌላ ነው። ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው፣ ስለዚህ አትሩጡ። ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። አብዛኛው በዚያው ይመለሳል። ካልተመለሰ ባለቤቱን ጮክ ብላችሁ ጥሩ።

አዳዲ ማርያም ከአስፋልቱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገባለች፣ ኮረኮንች ነው። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ ንዝረቱ ይሻላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይዘለዋል። እኔ ከሙሉው ጉዞ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው፣ ከነኮረኮንቹ። ላሊበላን ለማየት ሰሜን መሄድ ያልቻለ የሸገር ሰው እዚሁ ደጁ ላይ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን አለው። አፍንጫችሁ ሥር እስክትደርሱ አይታይም፤ መሬት ውስጥ ነው የወረደው፣ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለት። የአካባቢው ሰው ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲሄድ ያነፀው ነው ይላል። ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው፣ ባትሪ ያዙ፣ ራስ ቁልቁል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተጋጭቻለሁ፣ አንዴ ሄልሜቴን ሳላወልቅ ልግባ ብዬ ቄሱ "ልጄ፣ ያንን ቆብ አውልቅ" ብለው ከመለሱኝ በኋላ።

ጫማ ይወልቃል። ሴቶች ነጠላ ወይ ሻሽ ያዙ፤ የሳይክል ቁምጣ የለበሰ ወንድም ሆነ ሴት ከላይ ሱሪ ይደርብ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ቆሙ፣ ቁልፍ ያዢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወር በ21 ማርያም ናትና ሰው ይበዛል፤ ጸጥታ የፈለገ ያን ቀን ይለፈው፣ ዝማሬ የፈለገ ያን ቀን ይምረጥ። ሳይክላችሁን አጥሩ ውስጥ ለሚቀመጡት አባት አደራ በሉ። ከአደራ የሚበልጥ ቁልፍ የለም።

ጢያ፣ በማለዳ ወይም ሲመሽ

ወደ አስፋልቱ ተመልሳችሁ ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ አገሩ ይለወጣል። እንሰት ይጀምራል። ሶዶ ገብታችኋል፣ የክስታኔ ጉራጌ አገር። ቤቱ ክብ፣ ደጁ የተጠረገ፣ ከጓሮ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ። እዚህ ጋ መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አይከብድም።

ጢያ በዩኔስኮ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ አክሱም በተመዘገበችበት በዚያው ዓመት። ይሄን ለስንቱ ነግሬ ስንቱ አላመነኝም። አክሱምን የማያውቅ የለም፣ ጢያ ግን ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ሆና ለብዙ ሰው መኪና ውስጥ ተኝቶ የሚያልፋት ከተማ ናት።

36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ተቀርጿል። ሰይፍ ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ ሰይፍ። ክብ ምልክቶች ታያላችሁ፣ ከታች ደግሞ ቅጠል የሚመስል። አንዳንዱ አስጎብኚ ሰይፉ ሟቹ የገደላቸውን ይቆጥራል ይላችኋል፣ ቅጠሉን ደግሞ እንሰት ነው የሚል አለ። ማንም ቁርጡን አያውቅም፣ እኔ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው የተገኘው፣ የተቀበሩትም አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ "የግራኝ ድንጋይ" ይለዋል። የግራኝ አሕመድ ዘመን ግን 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ድንጋዮቹ ደግሞ በጥናት ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑ ናቸው። በአገራችን ትልቅና ምሥጢራዊ የሆነ ነገር ሁሉ ወይ ለግራኝ ነው የሚሰጠው ወይ ለዮዲት።

ሰዓት ምረጡ። ቀትር ላይ ቅርጹ አይታይም፣ ድንጋዩ ጠፍጣፋ ይሆንባችኋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጥላው ቅርጹ ውስጥ ይገባና ሰይፎቹ ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ዕቅድ የተሠራው በዚህ ነው፤ ማለዳ መልካ ቁንጥሬ፣ ቀትር አዳዲ፣ አመሻሽ ጢያ። ሊመሽባችሁ ከሆነ ግን ሳትቆሙ አልፋችሁ ቡኢ እደሩ፣ ጠዋት ያለ ሻንጣ ተመልሳችሁ እዩት። በጨለማ እዚህ መንገድ ላይ አትንዱ። መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት አለ፣ መብራቱ አንድ ዓይና የሆነ መኪና አለ፤ ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላችኋል፣ ሲደርስ አውቶቡስ ነው።

ቡኢ ላይ የሚገኘው ተራ አልጋ ቤት ነው። ሳይክሉን ክፍላችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ባለቤቷ "ግቢው ጥበቃ አለው" ብትልም። በትሕትና "እትዬ፣ እሱን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም" በሉ፣ ይስቁና ይፈቅዳሉ።

ሁለተኛው ቀን፦ አጭር መንገድ፣ ረጅም ምሳ

ከቡኢ፣ ቀላ በምትባለው ከተማ በኩል፣ ቡታጅራ ድረስ ለግማሽ ቀን እንኳን አይበቃም። ሆን ተብሎ ነው፤ ትናንት ደክማችኋል። ከቀኝ በኩል የጉራጌ ተራሮች አብረዋችሁ ይሄዳሉ፣ ወደ ቡታጅራ ስትጠጉ ዘቢዳር ከከተማዋ በላይ ቆሞ ይታያል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ።

ቡታጅራ ስትገቡ ክትፎ ትበላላችሁ፣ ይሄ ምክር አይደለም። ከቆጮ ጋር፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። ለብ ለብ ይሁን፣ ጥሬ የለመዳችሁ እንኳን ብትሆኑ፤ ነገ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለ፣ ሆድ ላይ ቁማር አይጫወቱም። ክትፎ ደግሞ ከመንገድ በኋላ እንጂ በፊት አይበላም። አንዴ ጠዋት በልቼ ወጥቼ ቅቤው እስከ ቀትር ሲያናግረኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም በያይነቱ ለሳይክል የተሻለ ነው፣ ሽሮና ምስር ጉልበት ነው።

ከሰዓት ጉልበት የተረፈው ሐረ ሸይጣንን ይይ። ከቡታጅራ ብዙም አይርቅም፣ በስልጤ በኩል ነው፣ ባጃጅም ይወስዳል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያው ገደል። ከአፋፉ ድንጋይ ብትወረውሩ ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል። ሁሉም ይሞክራል፣ እኔም ሞክሬ ትከሻዬን ታምሜ ተመልሻለሁ። አፋፉ ጠርዝ ላይ ግን ፎቶ እነሳለሁ ብላችሁ አትጠጉ፣ አፈሩ ልል ነው።

ሦስተኛው ቀን፦ ቁልቁል ወደ ሙቀት

ዋናው ደስታ ዛሬ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ከቡታጅራ ዝዋይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ዘቅዘቅ ያለ። ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባው መቂ ወንዝ እንደሚያደርገው፣ እናንተም ወደ ሐይቁ መፍሰስ ነው። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ አንድ ልብስ ታወልቃላችሁ። እንሰቱ ይቀራል፣ በቆሎና ግራር ይመጣል፣ ቅዝቃዜው ሙቀት ይሆናል።

መሃል ላይ ማረቆ ነው። አዎ፣ የበርበሬው ማረቆ። የለቀማው ሰሞን ከደረሳችሁ በየደጁ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስላል፣ ሽታው ከመንገዱ አፍንጫ ይኮረኩራል። እናቴ ሳይክል መንዳቴን ይቅር ያለችኝ አንድ ጊዜ ከዚህ ሁለት ኪሎ ዛላ ይዤላት ስገባ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሸክሙን አስቡ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ፣ ይግላል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ምግብ ለመብላትም ሆነ ለማረፍ ስትቆሙ ከግራር ጥላ ሥር ሳይክሉን አታስገቡ፣ ተሸክማችሁ አስፋልቱ ዳር አቁሙት። ጥላው እናንተን ያሳርፋል፣ እሾሁ ጎማውን።

ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ዝዋይ ግቡ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ቀልድ አይደለም። ውሃ ዳር ሂዱና የተጠበሰ ቆሮሶ ብሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው ዓሣ አጥማጆቹ ዙሪያ ቆመው የአንጀት ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ገላችሁን ሐይቁ ውስጥ ልታጠቡ ያምራችሁ ይሆናል፤ ተዉት፣ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ። ወባም አለና ማታ ረጅም እጅጌ፣ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ።

አራተኛ ቀን ያለው ሰው ጀልባ ይያዝ። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ላዩ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተቀምጣ ነበር የሚል ትውፊት አለ። ደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው፣ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የመመለሻውንም ጨምሮ፤ "የመሄጃ ነው የነገርኩህ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደሴት ላይ ሆኖ መስማት ጥሩ አይደለም።

መመለሻው

ከዝዋይ አዲስ አበባ በሳይክል አትመለሱ። ዳገቱን ነግሬአችኋለሁ። ከዳገቱ የሚብሰው ግን ከሞጆ በኋላ ያለው ነው፦ የጅቡቲ ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ በቢሾፍቱና ዱከም በኩል ያለው አሮጌው መንገድ ተሳቢ በተሳቢ ነው፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ ሳይክል አይፈቀድም።

መናኸሪያ ሂዱ። ሳይክል ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል። ረዳቱ መጀመሪያ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠራል፣ እናንተ ትስቃላችሁ፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ ድርድሩ ይጀመራል። ሲጭኑት አጠገቡ ቁሙ። ሳይክሉ መጨረሻ ከላይ ይሁን፣ የሽንኩርት ከረጢት እንዳይጫንበት፣ ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይዙር። ሰንሰለቱን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ የሰው ፍራሽ ላይ ግራሶ ይነካና አዲስ አበባ ስትደርሱ ሌላ ድርድር ይጠብቃችኋል። የፊት ጎማውን ፍቱና እናንተ ጋ፣ እግራችሁ ሥር አድርጉት።